የተጋረዱት ቅዱሳን

በስደት በምንኖርባት በዶቨር ከተማ ቤተ ክርስቲያናችን የገዛችው ሕንፃ የፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት ነበር። ነጭ ግድግዳ፣ ቀለም የሌለው የመስኮት መስታወት፣ ከፊት የሰባኪው መቆሚያ፤ ሌላ ምንም የለውም። አባቴ የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ስለምማር አስተርጓሚ ተደረግኩ።

ቁልፉን የተረከብን ቀን ከቀድሞዎቹ ምዕመናን የመጡት አንዲት ነጭ አሮጊት ብቻ ነበሩ፤ ጎረቤት ናቸው። የሌሎቹ ልጆች አድገው ርቀዋል፣ ወላጆቹም አንድ በአንድ አልቀዋል።

"ይሄ ባዶ ግድግዳ ምን ያስተምራል? ጠይቂያቸው እስቲ" አለኝ አባቴ።

"እኛ የምናምነው በጆሮ ነበር" አሉ ሴትዮዋ። "ሥዕል ካለ ዓይናችን ይሄድና ቃሉን አንሰማም። ይሄን ግድግዳ ነጭ የቀባው አባቴ ነው።"

በዚያው ሰሞን ፕሮፌሰራችን በፕሮቴስታንቶች ተሐድሶ ዘመን ፊታቸው በመዶሻ የተፈለጠ የቅዱሳን ሐውልቶችንና ሥዕላቸው በኖራ የተለቀለቀባቸው የአውሮፓ ካቴድራሎችን በስላይድ አሳይቶን ነበር። እኔ ለፈተና ብዬ ነበር የያዝኩት። ሴትዮዋ ግድግዳውን በመዳፋቸው ሲዳብሱ ሳይ ግን ስላይዶቹ ትዝ አሉኝ።

ከአዲስ አበባ የመጡት ሥዕሎች ከነሸራቸው ግድግዳው ላይ ሲለጠፉ ሴትዮዋ ሊያዩ መጡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ክንዴን ያዝ አድርገው፣

"ስሞት ከዚህ ብትሸኙኝ ደስ ይለኛል። ግን እነሱን ሸፍኑልኝ፤ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት" አሉኝ።

ክረምት ላይ አባቴ ከሕንፃው ደጅ በረዶ ሲዝቅ የሴትዮዋ ደጅ ሳይነካ መክረሙን አየ። አንኳኳ፤ መልስ የለም። ፖሊስ ጠራ። ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ሞተው ነበር።

የሴትዮዋን ኑዛዜ ስነግራቸው ኮሚቴው ተቆጣ። "ለሳቸው ሲባል ቅዱሳን ይጋረዱ እንዴ?"

"ታቦቱ ገና አልገባም" አለ አባቴ። "እስኪገባ ቤቱ የሳቸውም ነው።"

ነጭ አንሶላ ይዘን መሰላል ላይ ወጣን። አባቴ ከእመቤታችን ፊት ሲደርስ እጁ ቆመ። አማተበ፣ ከዚያ ሸፈናት። 

ልጃቸው ለቀብሩ ከቶሮንቶ በርሮ መጣ። ወንበሩን የሞሉት ነጠላ የለበሱ እናቶቻችን ነበሩ፤ መዝሙሩን ባያውቁትም አለቀሱ።

"ያውቋት ነበር?" አለኝ ልጁ ግራ ገብቶት።

"አንዳንዶቹ።"

"እኔ ካየኋት ቆይቻለሁ" አለና ስልኩን አወጣ።

በረዶው ሲቀልጥ የሴትዮዋ መኖሪያ ቤት ተሸጠ። ሁለት ቤተሰብ የሚያኖር ዱፕሌክስ ሊሠራበት ነው ተባለ። ኤክስካቫተሩ የጓዳውን ግድግዳ ሲገነጥል እኔና አባቴ መንገድ ዳር ቆመን አየን። ነጭ አልነበረም፤ ሰማያዊ አበባ ያለበት የግድግዳ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር፤ ነፋሱ ገነጣጥሎ ወሰደው።

"ነይ እንግባ፣ በረደሽ" አለኝ አባቴ።