በስስ ላስቲክ የገባች ሙሽራ

ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ቆሎ ገዛሁ። ሻጯ የሰጠችኝ በሲዲ ላስቲክ ነበር። ታስታውሱት ይሆናል፤ ያ አራት ማዕዘን ስስ ላስቲክ፣ አናቱ ላይ የሚታጠፍ ክዳን ያለው። ሲዲ የሚገዛ ሲጠፋ ለቆሎ መያዣ ሆኗል። ሴትየዋ ክዳኑን አጥፋ ስትሰጠኝ ላስቲኩ በጣቶቼ መሀል ተንኮሻኮሸ። ከዛፍ ሥር ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። ቆሎውን አልበላሁትም።

የወላጆቼ ሳሎን ውስጥ አንድ ቡፌ ነበር። ብርጭቆና ሸክላ ሳሕን ይደረደርበታል ተብሎ ቢገዛም አባቴ ቀስ በቀስ በፊልም ሞላው። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ፊልም በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። የአማርኛው፣ የህንዱ፣ የቻይናው ካራቴ፣ ሁሉም በወፍራም ጥቁር ማቀፊያ፣ እንደ መጽሐፍ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። የእናቴ ብርጭቆዎች በካርቶን ሆነው አልጋ ሥር ተሰደዱ። እናቴ የዘጌ ቄስ ልጅ ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም፣ ፊልም የሚባል ነገርም አትወድም። ስክሪኑ ላይ ሰው ሲሳሳም ካየች በስመ አብ ብላ ጓዳ ትገባለች።

«ይኸን ሰይጣን አጥፋው!» ትላለች ከጓዳ ሆና።

«ሰይጣኑ አሁን ሊሞት ነው፤ ትንሽ ታገሽው» ይላታል አባቴ።

ከዚያ ሁሉ ፊልም መሀል ሳትቆጣ አቧራውን የምትጠርገው አንድ ማቀፊያ ብቻ ነበር፤ የታላቅ እህቴ ሠርግ። ፎቶ ቤቱ ሽፋኑ ላይ የእህቴን ፎቶ አትሞበታል። ቬሏን ወደ ኋላ ጥላ፣ ሐይቁን ከጀርባዋ አድርጋ ትስቃለች። እናቴ ያንን እንደ ሌሎቹ በጀርባው አላቆመችውም፤ ፊቱን ወደ ሳሎኑ አዙራ ነበር ያስቀመጠችው።

እህቴ አስተማሪ አግብታ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ገባች። ብዙም አልቆየች። በመጀመሪያ ወሊዷ ደም እየፈሰሳት ወደ ባሕር ዳር ሊያመጧት ሲሉ፣ በዚያ አባጣ ጎርባጣ መንገድ ላይ አረፈች። ሕፃኑም አልተረፈም። መልሰው ቁንዝላ ቀበሯት። እናቴ የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ የልጇን ፊት ሳታይ ተመለሰች።

ለቅሶ እኛ ቤት ሲቀመጡ ከደልጊ የመጣችው አክስቴ የግድግዳውን ፎቶ ሁሉ አወረደች። ወጉ ነው፤ እናት የሞተች ልጇን መልክ በዞረችበት ሁሉ እንዳታይ። ቡፌው ላይ ያለችውን ሙሽራ ግን ማንም ልብ አላላትም። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ከሰዓት እናቴን ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘናት፤ የአቧራ መጥረጊያው ጨርቅ በአንድ እጇ፣ ማቀፊያው በሌላው። አታለቅስም። ብቻ ተነሺ ብንላት አትነሣም።

በማግሥቱ አባቴ አንድ እሽግ ስስ ላስቲክ ይዞ መጣ። «ይኸ ሁሉ ማቀፊያ ቦታ ጨረሰብን እኮ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ በተኛችበት ወለል ላይ እኔና እሱ ተቀምጠን ሲዲዎቹን አንድ በአንድ ከማቀፊያቸው እያወጣን ላስቲክ ውስጥ ጨመርን። ማቀፊያዎቹ ቀጭ እያሉ ይከፈታሉ፤ የአዲሱ ላስቲክ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። የሠርጉ ተራ ሲደርስ የአባቴ እጅ ዘገየ። የሽፋኑን ወረቀት ሳብ አድርጎ አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው። ሲዲው ነጭ ነው፤ የሙሽሮቹ ስም በእስክሪብቶ ከመጻፉ በቀር ተገልብጠው ከተሸጡልን ፊልሞች አይለይም። መሀል ላይ ሸጎጠው። ያን ሁሉ ወጪና ድካም ለምን እንደፈለገው ገብቶኛል፤ እሱም እንደገባኝ አውቋል፤ ሁለታችንም ስለ ቦታ ነው ያወራነው።

ቡፌውን ሙሉ የያዘው ፊልም አንድ ጥግ ላይ ተጠቃለለ። የእናቴ ብርጭቆዎች ከአልጋ ሥር ወጥተው፣ ታጥበው ተደረደሩ። ሳሎኑ ሰፋ፤ የመጣ ሁሉ «ቤታችሁ አማረበት» ይለን ጀመር። እኔ ያን ስፋት ጠላሁት። ዛሬ አባቴም እናቴም የሉም፣ ቡፌው እኔ ቤት ነው፤ አሁንም ያንን መደርደሪያ ባዶ ማየት ስለማልወድ ያገኘሁትን ዕቃ እከምርበታለሁ።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ወደ ቤት ስመለስ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ከደጅ ሰማሁ። ገባሁ። እናቴ በነጠላዋ ተከናንባ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ቻይናዊ ጣራ ለጣራ ይበራል። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«እማዬ፣ ፊልም እያየሽ ነው?»

«ምን ላርግ፤ ቤቱ ጭር አለብኝ» አለች።

ማታ ለአባቴ ነገርሁት። ፊቱ ሲበራ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር። ለአክስቴ ስልክ ደውሎ «ተመስገን በይ፣ ፊልም ማየት ጀምራለች» አላት። ከዚያ ወዲህ ራት ላይ «ዛሬስ ማን አሸነፈ?» ይላታል። «ያ ባለ ጥቁር መነጽሩ ነዋ» ትለዋለች። ይስቃል፤ እኛም እንስቃለን። ልቧ መለስ አለ ብለን ነበር። አባቴ ደስ ብሎት ፊልም ማምጣቱን አበዛው፤ ቀጫጭኑ ላስቲክ ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢጨመር ቦታ አይጠይቅም።

ግራ ያጋባኝ አንዱንም ፊልም አለመጨረሷ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ዝም ብዬ አየኋት። ሲዲውን ከላስቲኩ ታወጣለች፤ ማጫወቻው ዴክ ይውጠዋል፤ ምስል እስኪመጣ አጎንብሳ ትጠብቃለች፤ ይመጣል፤ ታወጣዋለች፤ ላስቲኩ ውስጥ መልሳ ወደ ሌላው ጎን ታስቀምጠዋለች። ቀጥሎ ያለውን ታነሣለች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማንበብ ስለማትችል የእህቴን ሠርግ በምስሉ እየፈለገች ነበር።

አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልሁ። መደበቅ አልፈለገችም። «ፊቷ አልጠፋኝም» አለች። «ዓይኔን ስጨፍን ፊቷ አለ። ድምጧ ነው የጠፋኝ። እንዴት አድርጋ እማዬ እንደምትለኝ... አልመጣልኝ አለ።»

«ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

«አባትሽ እንዳይሰማ። ደስ ብሎታል እኮ፤ ሲስቅ አላየሽውም?» ላስቲኮቹን በመዳፏ ዳሰሰቻቸው። «ብቻ በየጊዜው እያመጣ ይጨምርብኛል።»

ዛሬ የልጆቼን ድምፅ፣ ጉንፋን እንኳ ሲይዛቸው፣ ስልኬ ላይ ቀድቼ አስቀምጣለሁ። የእህቴ ድምፅ ግን ሊገኝ የሚችለው እዚያ ሲዲ ላይ ብቻ ነበር። ስሟ የተጻፈበትን ፈልጌ አወጣሁትና ዴኩ ውስጥ ከተትሁት።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ የእኛ ግቢ መጣ፤ ዳሱ፣ ቄጠማው፣ የቆርቆሮው በር። ከዚያ ዘፈን። እህቴ ከጓዳ ብቅ ስትል ዘፈን፤ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ዘፈን። ያን ጊዜ ሠርግ የሚቀርጹት እንዲህ ነበር የሚሠሩት፤ ምስሉን ከላይ እስከ ታች በሠርግ ዘፈን ይሸፍኑታል። መጀመሪያ ስናየው እኛም አምሮናል ብለን ነበር። እናቴ በርጩማውን አስጠግታ ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው ሰጠች። ስክሪኑ ላይ እህቴ ተንበርክካ የእናቴን ጉልበት ሳመች፤ ቀና ብላ አፏን ከእናቴ ጆሮ አስጠጋች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከበሮና ኪቦርድ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ድምፅ ጨምሪ።»

ጨመርሁ። ዘፈኑ ጨመረ።

«ዘፈኑን ብቻ ማጥፋት አይቻልም?»

«አይቻልም፣ እማዬ» አልሁ። በሕይወቴ እንደዚያ መልስ የከበደኝ የለም።

ከጩኸቱ የተነሣ አባቴ መግባቱን አልሰማንም። የምሳ ዕቃውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። እሷን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ሁለት ቦታ የተከመረውን ላስቲክ አየ። «እኔ እኮ ቦታ እንዲኖር...» ብሎ ጀመረና ተወው። የመጣበትን ልብስ ሳይቀይር ወለሉ ላይ፣ ከእግሯ አጠገብ ተቀመጠ። ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ወደ ኋላ መለሰው፤ ድምፁንም ጭራሽ አጠፋው። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፤ ከሐይቁ በኩል ደግሞ የወፎች ጫጫታ።

እህቴ እንደገና ተንበረከከች። እንደገና ቀና አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የእናቴም አብሮ ተንቀሳቀሰ።

«እማ...ዬ፣ ጫማው ጠበበኝ» አለች፣ መሀሉን ጎተት አድርጋ፣ ልክ እህቴ ስታማርር እንደምትለው። እኔና አባቴ ሁለታችንም ዞረን አየናት። «እዚህ ጋ እንዲህ ነው ያለችኝ» አለችን።

አባቴ ሪሞቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «አንቺስ ምን አልሻት?»

«ቻይው አልኋት። ቻይው ልጄ፣ ዛሬን ብቻ ነው አልኋት።»