ቃር፣ አልጫና የአባቴ ፊርማ

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ መካነ ሰላም

ከመካነ ሰላም የተነሣነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና አባቴ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሾፌሩ ጠይቀን፣ እናቴ የቋጠረችልንን ስንቅ ይዘን ሚኒባሱ ውስጥ ገባን። ሦስት ዓመት ያሠቃየኝን ቃር በቀዶ ጥገና ማስቆም ይሻል እንደሆነ ለመወሰን፣ ደሴ ያለች አንዲት የቀዶ ጥገና ሐኪም ቀጥራናለች።

ቃር ለማያውቀው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ከበላሁ በኋላ ጎምዛዛ ውሃ ከሆዴ ተነሥቶ ደረቴን እያቃጠለ ጉሮሮዬ ድረስ ይወጣል። ጎንበስ ስል ይመጣል፤ ስተኛ ይብሳል። በአፍ በሚገባው ካሜራ፣ በእንዶስኮፒ፣ ሲታይ የምግብ ቧንቧዬ ታች በኩል መቁሰሉን፣ የጨጓራዬ አፍም መላላቱን ነገሩኝ። መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ አልተሻለኝም ብዬ ተመለስኩ። ደግሞ ታዘዘልኝ፤ ደግሞ አልተሻለኝም አልኩ። ወደ ቀዶ ሐኪሟ የተላክሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። መድኃኒቱን እንደታዘዝኩት አልወሰድኩትም። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ሳላቋርጥ ሁለት ወር እንድወስድ ተነግሮኝ ነበር። ሁለት ሳምንት እውጥና ቀለል ሲለኝ እተወዋለሁ። የምሠራው ከተማ ውስጥ በአንድ የጽሕፈት ሱቅ ነው፤ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። ከሥራ ስወጣ ግጥም ከሚጽፉ ጓደኞቼ ጋር አረቄ ቤት እገባለሁ፤ ጥብስ በሚጥሚጣ እበላለሁ። ቤት ስደርስ ደግሞ እናቴ ያቆየችልኝን አልጫ እንደ በሽተኛ ቀስ ብዬ እቀምሳለሁ። ከዚህም የባሰው፣ ቃጠሎው ግጥም ያመጣልኛል ብዬ ማሰቤ ነው። ቀዶ ጥገናውን የፈለግኩትም አመሌን ሳልተው ለመዳን ነበር።

በርበሬ አይስማማኝም ያልኩ ዕለት እናቴ የበርበሬውን ዕቃ ከጓዳ አውጥታ ቆጥ ላይ ሰቀለችው። «እሱ እያየ ቀይ ወጥ አንበላም» አለች። ይኸው ዓመት አለፈው። አባቴ ያለ ቀይ ወጥ እንጀራ የማይወርድላቸው ሰው ነበሩ፤ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገሩ አልጫ በሉ።

ከጉዞው በፊት አባቴ ወረቀት ጠየቁኝ። ለቀዶ ጥገና ቤተሰብ ይፈርማል ሲባል ሰምተዋል። በጎልማሶች ትምህርት የተማሩትን የስማቸውን አጻጻፍ ሊለማመዱ ነው። «ለልጄ ሕይወት ጣቴን ቀለም ነክሬ አልመጣም» አሉ። ከእጄ የወጣው ወረቀት ስለሚቃጠል ደረት የጻፍኩት የግጥም ረቂቅ ነበር። ጀርባው ላይ ስማቸውን ዘጠኝ ጊዜ ጽፈው፣ አራት አጥፈው የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

አቀስታ

ለቁርስ የወረድነው አቀስታ ነው። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ለስላሳ፣ አንዳንድ ቦታ ጥርስ የሚያጋጭ ስለነበር ሁሉም ሰው ወገቡን ይዞ ነበር የወረደው። ምግብ ቤቷ ውስጥ ቀይ ወጡ ከድስቱ ሲወጣ አባቴ አፍንጫቸውን ወደ ጓዳው መለስ አደረጉ። ቀጥለው ግን ባለቤቷን ጠርተው በርበሬ የሌለው እንዳላት ጠየቁ።

ሴትዮዋ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየች። «አባባ፣ እርስዎማ ፊትዎ የቀይ ወጥ ፊት ነው። አልጫው ልጁ ነው መሰለኝ።»

ምግብ ቤቱ ሳቀ። አባቴም ሳቁ። ግጥሜን ስንት ሰው አንብቦ አድንቆልኛል፤ እንደ እሷ በአንድ ቃል ያነበበኝ ግን የለም።

ጉጉፍቱ

ከአቀስታ በኋላ አጠገባችን የተቀመጡት ሸህ ይመር የሚባሉ ቁርአን አስተማሪ ነበሩ፤ ደሴ ዓይናቸውን ሊታዩ ነው። ቆሎ አካፈሉን። ከአባቴ ጋር ስለ ጾም ተቀላለዱ። አባቴ የእስላም ጾም ቶሎ ያልቃል ሲሏቸው፣ ሸሁ የክርስቲያን ጾም ሽሮ እየበሉ መጾም ስለሆነ እርሳቸውም ይችሉታል አሉ።

ጉጉፍቱ ላይ ጉም መስኮቱን ሸፈነው። የገብሱ ማሳ ይታይና ይጠፋል። የሱፍ ባና የተከናነቡ ሰዎች በጎች እየነዱ በአስፋልቱ ዳር ያልፋሉ፤ የደጋው ተክል ጅብራ ቁልቁለቱ ላይ ብቻውን ቆሟል። መኪናው ሲታጠፍ ጎንበስ አልኩና ጎምዛዛው ውሃ መጣ። ሸሁ ፊቴ መጨማደዱን አይተው ምን እንደነካኝ አባቴን ጠየቁ።

«ልቡን ያቃጥለዋል።»

በእኛ አገር ልብ ማለት የሆድ አፍም ነው። ሸሁ ይህን ያውቃሉ፤ ቢሆንም ወደ እኔ ዞረው «ማናት?» አሉኝ፤ የኋላው ወንበር በሳቅ ፈነዳ። ነገሩ ቀዶ ጥገና መሆኑን ሲሰሙ ግን ሳቃቸውን ትተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አላህ አፍያውን፣ ጤናዬን፣ እንዲመልስልኝ፣ የሐኪሟን እጅ እንዲያቀናላት፣ የአባቴን ልፋት እንዲቆጥርላቸው ዱዓ አደረጉ። እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። ሾፌሩም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ አሚን አለ። እኔ አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

«አብሽር፣ ቀላል ነው» አሉኝ ሸሁ ጉልበቴን መታ አድርገው።

ማክሰኞ፣ ደሴ

ያደርነው የሆስፒታሉ አጥር አጠገብ ባለ አልጋ ቤት ነው። ተራችን ሲደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ለአባቴ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው። ቀዶ ጥገናውን በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን። የጨጓራዬ አናት በቧንቧው ዙሪያ ይጠመጠማል፤ እንደ ሸህ ይመር ጥምጥም ማለት ነው። ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ግን ሙሉ ሰመመን አለው፤ ለጊዜው መዋጥ ሊከብድ ይችላል፤ ማግሳትም እንደ ልብ ላይሆን ይችላል። ቀጥላ አረቄ እጠጣ፣ ጫት እቅም እንደሆነ፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደወሰድኩ ጠየቀችኝ።

የመለሱት አባቴ ናቸው። «ዶክተር፣ ይህን የሚያውቅ ልጅ አይደለም። እኛም በርበሬ ከተውን ዓመት አልፎናል።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «እርስዎም ተዉ?»

«እሱ እያየ እንዴት ይበላል?»

ሐኪሟ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። አባቴ ዝምታው ፊርማ የሚጠበቅበት መሰላቸው። የታጠፈችውን ወረቀት አወጡ፤ የፊደሉን ቅርጽ አንዴ አዩና ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሡ።

«የት ላይ ልፈርም?»

«አባባ፣ አይፈርሙ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ ነው የተናገርኩት። አረቄውን፣ ሚጥሚጣውን፣ ሁለት ሳምንት እየዋጥኩ የተውኩትን መድኃኒት። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ከዚህ በፊት የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘችና መድኃኒቱ አልሠራም ማለት እንደማይቻል፣ ገና እንዳልተሞከረ ነገረችኝ። ሁለት ወር በትክክል ልወስድ፣ አረቄውን ልተው፣ እራቴን ከመኝታዬ ሦስት ሰዓት ቀድሜ ልበላ፣ የአልጋዬን ራስጌ በጣውላ ከፍ ላደርግ። ያኔም ካልተሻለኝ ተጨማሪ ምርመራ አድርገን ስለ ቀዶ ጥገናው እንነጋገራለን። «ቀዶ ጥገና ሆድህን ሊጠግን ይችላል» አለች፤ «አመልህን አይጠግንልህም።»

አባቴ እስክሪብቶውን ወደ ቦታው መለሱ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሞት እንደሆነ። እንደማልሞት ስትነግራቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለው ተነሡ።

ምሳ ቤት ገብተን ሳይጠይቁኝ አዘዙ፤ ለራሳቸው ቀይ ወጥ፣ ለእኔ አልጫ። በሁለተኛው ጉርሻ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ምንም ሳልላቸው «በርበሬው ነው፤ ምላሴ ረስቶታል» አሉ። እስኪጨርሱ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ረቡዕ፣ መመለስ

በመልሱ መንገድ ጉጉፍቱ ጠርቶ ነበር። አቀስታ ስንደርስ አባቴ ወረቀቷን ከኪሳቸው አውጥተው «ግጥምህ ነው፣ ውሰደው» አሉኝ። ከሁለት ወር በኋላ ፊርማው ሊያስፈልግ እንደሚችል ነገርኳቸው። አሰቡና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። የእኔን ስንኝ ይዞ የሚዞር ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ ያውም የጻፍኩት ምን ያህል እውነት እንደሆነ አውቀው።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሆዴን አየት አድርጋ ቁስል ፈለገች። አባቴ «እሱ ይንገርሽ» ብለው ወደ ከብቶቹ ወጡ። ነገርኳት። የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ አልጮኸችም። ቆጡ ላይ ወጥታ የበርበሬውን ዕቃ አወረደች። ለምድንበት ቀን ብላ ያስቀመጠችው በርበሬ ወዙ ጠፍቶ የሸክላ አፈር መስሏል። በጣቷ ቀምሳው «ሞቷል» አለችና ዕቃውን ክፍት ትታው ሄደች።

ረቡዕ ጾም ነውና ከጎረቤት በርበሬ ተበድራ ቀይ ምስር ሠራች፤ በሌላ ድስት የክክ አልጫ። ሁለቱን በአንድ ትሪ አቀረበች። አባቴ ከቀዩ በሉ። እናቴ እጇን ወደ እኔ በኩል ወዳለው አልጫ ሰደደች። ወደ ቀዩ እንድትዞር ለመንኳት።

«ብቻህን አልጫ ትበላለህ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ እኔ ቃጠሎዬን ግጥም ሳደርገው፣ ዋጋውን ሌላ ሰው በዝምታ እየጎረሰ ነበር። ቀዶ ጥገናው ይደረግልኝ አይደረግልኝ ገና አላውቅም። ሁለት ወር በሐቅ እስክወስድ ድረስ ለመጠየቅም መብት የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት መድኃኒቱን በባዶ ሆዴ ዋጥኩና ግማሽ ሰዓት ልጠብቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ቁርሱን ከድና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷም አልበላችም። አብረን ጠበቅን።