ጨፌው ሳይታረስ ቀረ

ሐምዲያ በደሴ ከተማ ሆጤ በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ሱቁን እንድትይዝላቸው ቢመኙም እሷ ኬሚስትሪ ተምራ እዚያው ደሴ አስተማሪ ሆነች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጠርሙሶቿን ይዛ ከከተማው በላይ ወዳለው ደጋ ትወጣለች። እዚያ ገበሬዎቹ ጥቁር ውሃ የሚሉት ጨፌ አለ። ውሃው ሻይ ይመስላል፣ ትንሽም ይኮመጥጣል። ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭ ግን ጥርት ያለ ነው። ይህ ለዓመታት ሲያስገርማት ኖሯል።

በ1976 የበልግ ዝናብ ሲቀር የገበሬ ማኅበሩ ጨፌውን አድርቆ ገብስ ሊዘራበት ተነሳ። ሐምዲያ ስትደርስ ውሃው የሚፈስበት ቦይ ተቆፍሮ፣ ዳርዳሩ ያለው አፈር ተሰነጣጥቆ አገኘችው። ምንጩም ቀጥኗል። ሴቶች እንስራቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ።

ምንጩ እየደረቀ መሆኑን ለወረዳው ካድሬ ብትነግረው፣ የምርት ዘመቻ ማደናቀፍ ምን እንደሚያመጣ አስጠንቅቆ አሰናበታት። ፈራች። አባቷም ተይው ብለው ለመኗት። እሷ ግን ተመልሳ የማኅበሩን ሊቀመንበር አቶ እንየውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ሁሉም ከመታረሱ በፊት በደረቀው አፈር ላይ ጥቂት ገብስ ተዘርቶ እንዲታይ። እንየው እሺ አሉ።

ገብሱ በቀለ፤ ብዙም ሳይቆይ ቢጫ ሆኖ ተኛ። ያኔ ሐምዲያ የረጠበውንና የደረቀውን አፈር በየጣሳው በጥብጣ አሲድ ሲነካው የሚቀላ ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀት ነከረችበት። ከእርጥቡ የወጣው እምብዛም አልተለወጠም፤ ከደረቀው የወጣው ደም መሰለ።

«አፈሩ ውሃ ውስጥ ሳለ ደህና ነው» አለቻቸው። «ደርቆ አየር ሲያገኘው ነው አሲድ የሚያወጣው፤ እህል አያበቅልም። ክረምት የጠጣውን ደግሞ በበጋ ለምንጩ የሚያቀብለው እሱ ነው። ካደረቃችሁት እህሉንም ውሃውንም ታጣላችሁ።»

እንየው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ቆፍሩ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ድፈኑ የምለውም እኔው ነኝ።»

ማኅበሩ በጠራው ስብሰባ ካድሬው ሲቃወም እንስራ ተሸካሚዎቹ ሴቶች አንድ በአንድ እየተነሱ ተናገሩ። ስብሰባውም ቦዩ እንዲደፈን ወሰነ። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ቦዩን ሣር ባለው ጓል ደፈነው፤ ሐምዲያም ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጭቃው ውስጥ ገባች።

ክረምቱ ስስ ነበር፤ ያም ሆኖ ጨፌው ጠገበ። በ1977 የቆላው ምንጭ ሁሉ ሲነጥፍ የጥቁር ውሃው አልነጠፈም። ከሩቅ ከብት እየነዳ የመጣ ሁሉ ጠጣ። ሐምዲያ ጠርሙሷን ልትሞላ ወደ ምንጩ ብትወርድ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሏት። ካድሬውም ጀሪካኑን ይዞ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ ነበር፤ ተራው እስኪደርስ ጠብቆ ቀዳ።