በድምፄ የቃኘሁት ጊታር

ከሮቤ የወጣሁት ሱብሂ ሳይሰገድ ነው። እማዬ የገብስ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝና «በይ ሂጂ፣ መኪናው ሳይሞላ» አለችኝ። ታናሽ እህቴ ቦንቱ ግን በሩን ይዛ «እኔስ መቼ ነው የምመጣው?» ትለኛለች። «ሥራ ስይዝ» አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል አይገባም፤ አሁን ነው የገባኝ። ከጎባ በላይ ሳነቴ ላይ ጥርሴ በብርድ ተንገጫገጨ። ከዚያ የሃረናን ጫካ ቁልቁል፣ ደሎ መና፣ ነገሌ፣ ሞያሌ። ሞያሌ ላይ ድንበር የሚያሻግረኝ ደላላ ያዘልኩትን ክራር አየና «ይሄ ቀንድሽ ከሩቅ ይታያል» ብሎ አስጣለኝ።

ናይሮቢ፣ ኢስሊ በሚሉት ሰፈር ቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁ። እዚህ ሰው የሚንቀጠቀጥበት ብርድ፣ በኛ አገር ዲንሾ ቢሆን ሹራብ ያስወልቃል። ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ አላቸው፤ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው፣ ዝም ብሎ ሰሃን ላይ ይቆማል። አከራዬ ምዜ ይባላሉ፤ ሽማግሌ ሁሉ እዚህ ምዜ ነው። ድሮ ሙዚቀኛ ነበሩ። ክራር እመታ እንደነበር ስነግራቸው ላፕ ስቲላቸውን አወጡ። ጭን ላይ የሚተኛ ጊታር ነው፤ ክሩን በጣት አይጫኑትም፣ ብረት ያንሸራትቱበታል።

«ስድስቱንም ክር በባዶው፣ ያለ ብረቱ ምቺ። አብረው ሲሰሙ ይሄ ዲ ኮርድ ነው። ብረቱ አምስተኛው መስመር ላይ ሲሆን ጂ፣ ሰባተኛው ላይ ኤ። ኮርድ በመነሻ ድምፁ ነው የሚጠራው።»

«የሚያሳዝነውስ?»

«እሱ ማይነር ነው። አንዷን ክር ግማሽ ድምፅ ዝቅ ታደርጊያታለሽ።»

«ለሐዘን አንድ ክር ብቻ?» ስላቸው ሳቁብኝ።

ወራት ተማርኩ። የሚቃኙት ግን ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ።

የናይሮቢ ሰው፣ ፈረንጅ ስለ ፈረሱ የሚያለቅስበትን የካንትሪ ዘፈን ይወዳል። ይህን የሚጫወት አንድ የሆቴል ባንድ ላፕ ስቲል መቺ ፈለገና ለፈተና ጠራኝ። ካለፍኩ ሆቴሉ የሥራ ወረቀት ያወጣልኛል፣ ክፍልም ይሰጠኛል። ከፖሊስ መሸሽ ይቀራል፣ ቦንቱም ትመጣለች። ለእማዬ ይህንኑ ደውዬ ነገርኳት።

በፈተናው ቀን የምዜን ላፕ ስቲል ይዤ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ስንገላታ ክሮቹ ረገቡ። እኔም ሮቤ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ውስጥ እንደማደርገው፣ በጉሮሮዬ እያንጎራጎርኩ ከራሴ ድምፅ ተነስቼ ቃኘሁት። ለኛ የትዝታ ቅኝት ከየትም ድምፅ ቢነሳ ትዝታ ነው፤ ዘፋኟ ጉሮሮዋ እንደፈቀደላት ታወርደዋለች። ስመታው ደግሞ እንዴት ያምራል!

«ጂ!» አለ የባንዱ አለቃ። ብረቱን አምስተኛው ላይ አሳረፍኩ።

«ጂ አልኩሽ እኮ! ይሄ ኤፍ ነው።»

«አምስተኛው ላይ ነኝ፣ ይቁጠሩ።»

«በምን ቃኝተሽው ነው?»

«በድምፄ።»

ኪቦርድ መቺው በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። «በሉ እንግዲህ፣ ሁላችንም በእሷ ጉሮሮ እንቃኝ!»

ባዶው ዲ መሆኑ ቀርቶ ሲ ሆኖ ነበር፤ ስሞቹ በሙሉ አብረው ወርደዋል። «አሁኑኑ ላስተካክለው» ብዬ ለመንኩ። አለቃው «ፖሌ» አለኝ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። ወዲያው ቀጣዩን ጠራ።

ከሆቴሉ ደጅ ቆሜ ደወልኩ።

«እማ፣ አልተቀበሉኝም።»

«ወይኔ!» አለች።

«እማ?»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠሩኝ ስትዪኝ እኮ ያለቀ መስሎኝ ነው...»

«ምን አደረግሽ?»

«ቦንቱ ሐሙስ ወዳንቺ ተነሳች። ዛሬ ሞያሌ ናት።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግቼ የቦንቱን ቁጥር መታሁ። ጠራ። አልተነሳም፤ ደግሜ መታሁ። አንድ የማላውቀው ወንድ አነሳው።

«ማን ልበል?» አለኝ።