የአዲሱ ሹም ጋን

ሸክላ ሠሪዋ ጥሩአየሁ ሞጣ ላይ አዲስ ሹም መምጣቱን የምታውቀው በጋን ትእዛዝ ነው። ሹሙ በገባ በወሩ የባለጸጋው ነጋዴ የገብረ ክርስቶስ ሚስት ይርጋነሽ ደጇ ድረስ ትመጣና ለሚካኤል ማኅበር ትልቅ ጋን ታዛለች። ሹሙ እዚያ ማኅበር ጠጥቶ ከወጣ በኋላ አፉ የራሱ፣ ቃሉ የገብረ ክርስቶስ ይሆናል። ደርግ ከወደቀ ወዲህ ብቻ ሦስት ሹም እንዲህ ሲለወጥ አይታለች። «እኮ ምን ቢያጠጧቸው ነው?» ትላለች፤ ነገሩ ከማናደዱ ይልቅ ይደንቃት ነበር።

አራተኛው ሹም፣ ሰማው የሚባል፣ ከቢቸና መጣ። ገበያ መሀል ቆሞ፣ «ጨዋና ቡዳ የሚባል ዘር የለም! ሸክላ ሠሪዎችን ከዋርካው ሥር የሚያነሣ የለም!» አለ። ገብረ ክርስቶስ ያችን ቦታ ለመጋዘን ካሰባት ቆይቷል። ጥሩአየሁ ግን እናቷም የሸጠችው እዚያው ዋርካ ሥር ነውና በደስታ አለቀሰች።

ወሩ ሳይሞላ ይርጋነሽ መጣች።

«ጭቃው እስኪደርቅ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ እሜቴ» አለቻት። ሁለት ይበቃው ነበር። ጥሩአየሁ በመሀሉ ራሷ ጠላ ጠምቃ ሰማውን ለማርያም ጠራችው።

«አንቺ ነሽ ሹም የምትጋብዢ?» ብሎ ሣቀባት ባሏ ፋንታ።

«ጋንም በጠጠር ይደገፋል» አለችው።

ሰማው መጣ። ቡዳ ይበላል እየተባለ ጎረቤት እንኳ ከማይቀመጥበት መደብ ተቀመጠ፤ ቤቷን አመሰገነ፤ ዋንጫውንም ተቀበለ። አረፋው እስኪጠፋ ይዞት ቆየና፣ «ጨጓራዬን ያመኛል» ብሎ አስቀመጠው።

የሚካኤል ለት የጋኑን መክደኛ ልታደርስ ሄዳ ገብረ ክርስቶስ ደጅ ቆመች፤ እሷን ግቢ የሚላት የለም። ሰማው ሦስተኛ ዋንጫውን ሲያስቀዳ አየችው። በሳምንቱ ሸክላ ሠሪዎች ከወንዝ ማዶ ሄደው ይሽጡ የሚል ደብዳቤ ወጣ።

ቢሮው ሄደች።

«ጨጓራዎን ተሻለዎ፣ ጌታዬ?»

«ተሻለኝ።»

«እሰይ! ያ የሚካኤል ለት የጠጡት ጠላ በእነዚህ እጆቼ ካበጀሁት ጋን የተቀዳ ነው።»

ሰማው ሳያስበው እጁን ሆዱ ላይ አሳረፈ። ጥሩአየሁ እጁን አየችና አንጀቷ አረረ። ሹሞቹን ምን እንደሚለውጣቸው ስንት ዓመት ስታብሰለስለው የኖረችው ጥያቄ ግን ተመለሰላት።

«ለካ ማኅበሩን በከንቱ ነው ያማሁት» አለች ነጠላዋን አጣፍታ እየተነሣች፤ «የቡዳ ፍራቱንስ ከቢቸና ይዘውት ነው የመጡ።»