የቀዳዳው ኪስ አበባ

በኢሕአዴግ ጊዜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር መሬት ሲለካ፣ ጎረቤት ለአንድ ስንዝር ይካሰስ ነበር። አጎቴ ግን ከበቆሏቸው ማሳ ጠርዙን ትተው የአደይ አበባና ንብ የምትወደውን የማገጥ ሣር ዘር ከሐይቁ አሸዋ ጋር እየቀላቀሉ ይበትኑበት ነበር። “ንብም ጎረቤት ናት፤ ድርሻዋን እንዴት እቀማታለሁ?” ይሉ ነበር።

ዘሩን የሚይዙት በኮታቸው ቀኝ ኪስ ነው፤ ኪሱ ደግሞ ቀዳዳ ነበር።

“ያውልቁትና ልስፋው፤ ዘሩ መንገድ ላይ አለቀ እኮ!” ይሏቸዋል ባለቤታቸው።

“ተዪው፣ ንቧ ታዲያ ማሳውን በምን ታገኘዋለች?”

አጎቴ ካረፉ ይህ የመጀመሪያው መስከረም ነው። ከደጃቸው እስከ ማሳው አደዩ ፈክቷል፤ ንቡም ይተራመሳል። አበባው ግን ወደ ማሳው ሲኬድ በቀኝ በኩል ብቻ ነው። ሲመለሱ ኪሳቸው ባዶ ነበርና፣ መንገዱ የያዘው መሄዳቸውን ብቻ ነው።