ድፍን አረንጓዴ ሽርጥ ለብሼ ገበያ የወጣሁ ቀን

ቅዳሜ ጠዋት ነው... አንድ እግሬን ከበሩ አውጥቼ መልሼ አስገባሁት። ሦስተኛ ጊዜዬ ነበር።

የለበስኩት ሽርጥ ነው። ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ሞባይል ከተማችን መካነ ሰላም ላይ ገና ብርቅ ሳለ ነው። ሽርጡን ያመጣችልኝ ለእረፍት ከጅዳ የመጣችው እኅቴ ዘይነባ ናት።

አገራችን ሽርጥ አያውቅም አልልም። ሼሆቹም፣ ተማሪዎቻቸው ደረሶቹም ይለብሳሉ። ግን የነሱ መስመር በመስመር የሆነ ነው። የኔው ድፍን አረንጓዴ! መስመር የለው፣ ጥለት የለው። እኔ ደግሞ ገበያ ዳር ሬዲዮ የምጠግን፣ ከጂንስ ሌላ የማላውቅ ጎረምሳ ነኝ። «የሚስቱን ጉርድ ለብሶ መጣ» ቢሉኝስ? ሚስት እንኳ የለኝም... «የእኅቱን» ይሉኛላ!

ሳምንታት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ደበቅኩት። ዘይነባ ግን ሰኞ ተመላሽ ናት።

«ወንድሜ፣ አገር ለአገር ዞሬ የመረጥኩልህ ነው። ለብሰኸው ሳላይ ልሄድ ነው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ይቺን ከሰማሁ በኋላ ምን ምርጫ አለኝ... ወጣሁ።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላህ ያውቃል። የኛ አገር ነፋስ ደግሞ ሽርጥ አይወድም መሰለኝ፣ ከፊት ስይዘው ከኋላ ይገልበዋል። በሁለት እጄ ወገቤን ይዤ፣ ሰላም የሚለኝን ሁሉ በአገጬ እየመለስኩ ገበያ ደረስኩ። ጠረጴዛዬ ኋላ ገብቼ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ስል ነፍሴ ተመለሰች። እስከ ረፋድ ንቅንቅ አላልኩም። ሽንቴ ሁሉ መጥቶ ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ ይማም ሬዲዮናቸውን ሊወስዱ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፣ ሽማግሌ። ሬዲዮው ከኋላ መደርደሪያ ላይ ስለነበር ተነስቼ ዞርኩ።

«ያ ረቢ!» ሲሉ ሰማሁ።

ዞሬ ሳያቸው ፊታቸው አመድ መስሏል። በቃ፣ ቀለሙን አዩት አልኩ።

«ምነው ጋሽ ይማም?»

«ልጄ... መቀመጫህ ላይ ያለው የዐረብ ጽሑፍ ምንድን ነው? አስተግፊሩላህ! ቁርአን ላይ ተቀምጠህ ነው የዋልከው?»

አንገቴን ጠምዝዤ አየሁ። ለካ ስቸኩል ገልብጬ ነው ያሸረጥኩት። ከውስጥ መቅረት የነበረበት፣ መዳፍ የሚያህል ነጭ ጨርቅ ከኋላዬ ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል። ከላይ እስከ ታች ዐረብኛ ተጽፎበታል።

እኛ ጋ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት መሬት ወድቆ ከተገኘ ይነሳል፣ ይሳማል፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጎጣል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬበታለሁ! ሰውን መፍራቴን ትቼ ፈጣሪን ፈራሁ። የእምነታችንን ቃል፣ ሸሀዳን፣ ልል ብዬ እንኳ መጀመሪያው ጠፋኝ።

ገበያተኛው ተሰበሰበ።

«ያውልቀው!» አለች አንዷ ሽንኩርት ሻጭ።

ላወልቅ? ከውስጥ ያለችኝ አንዲት የተቀደደች ቁምጣ ናት!

«ሳትታጠብ፣ ያለ ውዱእ እንዳትነካው!» አሉ ጋሽ ይማም።

መቀመጥ አልችልም። ማውለቅ አልችልም። መንካት አልችልም። እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ፣ እንደተማረከ ወታደር መሀል ገበያ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ የወገቤ ቋጠሮ ደግሞ ቀስ በቀስ እየላላች እንደሆነ ይሰማኛል... ሆዴን ነፍቼ ያዝኳት።

«ሼሁ ይጠሩ!» ተባለ።

ሌላ ፍርሃት። ሼህ ሰይድ ልጅ ሳለሁ ቁርአን ሊያስተምሩኝ የሞከሩ ሰው ናቸው። ፊደሉን፣ አሊፍ ባን እንኳ ሳልጨርስ ከቁርአን ቤታቸው ጠፍቼ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ መንገድ ላይ ሳያቸው በሌላ ቅያስ ነበር የምታጠፈው።

መጡ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ዙር» አሉኝ።

ዞርኩ። ከኋላዬ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ዓይኔን ጨፈንኩ። እናቴ ምን ትላለች፣ ዘይነባ ምን ትላለች፣ አላህስ?

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው በዐረብኛ ጮክ ብለው አነበቡት። ረጋ ባለ፣ በሚያምር ድምፅ።

«አሚን!» አለ ገበያው በአንድ አፍ። እኔም አሚን አልኩ፣ እያለቀስኩ።

ሼሁ መነጽራቸውን አስተካከሉ። መልሰው አነበቡት። ከዚያ ጽሑፉን በአማርኛ ተረጎሙት።

«በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ። በረኪና አትጨምሩ። ቀለም ስለሚለቅ ከሌላ ልብስ ጋር አትዘፍዝፉ።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ይማም ናቸው። ቀጥሎ ያቺ ሽንኩርት ሻጭ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም፣ እጄ እንደተሰቀለ ነው።

«አውርደው እጅህን» አሉኝ ሼህ ሰይድ። «አየህ? ከኔ ባትጠፋ ኖሮ አንብበህ ትገላገል ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሼሃችን።»

«አላህ ይቅር ይበልህ።» ሽርጡን ጫፉን ይዘው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ጥሩ ነው... ድፍን ሲሆን ግርማ አለው። እኅትህ ደግማ ከጅዳ ስትመጣ ለኔም አንድ ታምጣልኝ።»

ወደ ቤት ስመለስ ነፋሱ እንደፈለገ አደረገው፣ አልያዝኩትም። ያን ሁሉ ሳምንት የፈራሁትን ቀለሙን አንድም ሰው አላነሳውም እኮ! ዘይነባ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር፣ ስታየኝ እልል አለች።

ሽርጡ ዛሬም አለኝ፣ ገበያም ለብሼው እወጣለሁ። የማጥበው በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው... ገበያ ሙሉ ሰው አሚን ብሎበታላ!